የባለ ወፍጮው ጾም

«እንጀራውን ቀንስ፣ ዳቦ ይቅር» አለና
በሶን ሰረዘብኝ፣ ቆሎን ደገመና
ጠላ ላይ ሲደርስ ግን እስክሪብቶው ነጠፈ፤
ናሁሰናይ ሐኪሙ ሌላ አንሥቶ ጻፈ።

ኮሪደር ላይ ስደርስ ነው ነገሩ የመጣልኝ፦
ስንት ወር? እስከ መቼ? ሳልጠይቅ አመለጠኝ።
ተመልሼ ብሄድ በሩ ላይ ወረፋ፤
ሲስተር ጽጌማርያም ካርድ ሙሉ አቅፋ
«ሦስት ወር መጀመሪያ፣ ከዚያ ትለካለህ»
ብላኝ አለፈች።
«መጀመሪያ» ያለችው ቃሏ ግን አላለፈም፤
ባጃጅ ተሳፍሮ መጣ፣ ጠባሴም አልወረደም።

እኔ ባለ ወፍጮ ነኝ፤
ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ዱቄት ነው የከደነኝ።
ሽፋሽፍቴ ነጭ ነው፣ ጆሮዬም ነጭ ነው፣
ልጆቼን ያስተማርኩት በሰው ገብስ ነው።
ከሞጃ፣ ከአንጎለላ፣ አህያ እየነዱ
ጭነት ሊያራግፉ ደጄ ላይ ሲወርዱ
«ጌጤነህ፣ ምን ሆነህ ነው? ከሳህ እኮ» ይሉኛል፤
«ወፍጮው ነው የፈጨህ?» ብለው ይስቁብኛል።
እኔም አብሬ እስቃለሁ።
ማታ፣ ዱቤ በምጽፍበት ግድግዳ ላይ፣ በከሰል
አንድ መስመር አሰምራለሁ፣ ያልተከፈለ ዕዳ ይመስል።

ሚስቴ ወርቅአፈራሁ እንቁላል ቀቀለች፣
ጎመን በቅቤ ሠራች፣ «ብላ እንግዲህ» አለች።
በላሁ። ሆዴ ሞላ፤ መሙላቱን አውቃለሁ፤
እጄ ግን ባዶ ነበር፣ የምቆርሰው አጣሁ።
ሰው የሚጠግበው ለካ በጣቶቹም ኖሯል፤
ሹካ የያዘ ሰው ብቻውን ይበላል።

ለቅሶ ቤት ሄጄ ደግሞ እፍኝ ቆሎ ቢሰጡኝ
«ስኳር ነው» ብዬ መለስኩ፤ ወይዘሮ ጥሩሰው አዩኝ፦
«ድሮ ስኳር የጌታ፣ የሀብታም ነበረ፤
አሁን ወፍጮ ቤት ወርዶ ዱቄት ላይ አደረ!»

ከዚያ ሁዳዴ ገባ።
ጾሙ የፈቀደልኝን ሐኪሙ ከልክሎታል፣
ሐኪሙ የፈቀደውን ጾሙ ከልክሎታል፤
በሁለቱ መሐል ጎመን ብቻ ቆሟል።
መምሬ ኃይለ ልዑል፣ ነፍስ አባቴ፣ መጥተው
ነገሩን ሰሙና ጢማቸውን ዳብሰው
«ለታመመ ሰው አይጸናም፣ ብላ» አሉኝ በስተመጨረሻ፤
«ግን ልጄ፣ ሁዳዴም እኮ አለው መጨረሻ፤
ሃምሳ አምስት ቀን ነው፣ ዶሮ ሲጮኽ ይፈታል።
ያንተ ጾም ፋሲካው መቼ ይውላል?»

ምን ልበላቸው።

ፋሲካም መጣ፣ የሰው ጾም ተፈታ።
ድፎውን ባርኬ ቆርሼ ለሁሉም አደልኩ፤
ፍርፋሪውን ከመዳፌ አራግፌ ለዶሮ ጣልኩ።

ሦስት ወሩ ሞላ። ደሜን ለኩት፤ ወርዷል።
ቀበቶዬም በምስማር አዲስ ተበስቷል።
«ጎበዝ!» አለ ሐኪሙ። «አሁን ጥቂት ጨምር፤
ሩብ እንጀራ ሞክር፣ እሱም ከምስር ጋር፤
ሦስት ወር ቆይተን ደግሞ እንነጋገር።»
«እስከ መቼ?» አልኩት፤ አሁንስ አልረሳሁም።
መነጽሩን አወለቀ፦ «እሱን እኔም አላውቅም።
ለአንዱ ስድስት ወር፣ ለአንዱ ዕድሜ ልክ ነው፤
ደምህ ይናገራል፣ እኔ የማነበው ነው።»

በዚያው ማታ ድንጋዩ ደንዝዞ ነበርና
ከልጁ ከእንዳልክ ጋር ገለበጥነውና
ስወቅር አመሸሁ። መዶሻው ኳ ኳ ይላል።
ድንጋይ ስንት ዓመት፣ ስንት ጊዜ ይወቀራል?
ማንም ጠይቆኝ አያውቅ።
ዱቄቱ ሲሻክር በጣቴ አሸዋለሁ፤
ሻካራ ከሆነ ተነሥቼ እወቅራለሁ።

ሩቧን እንጀራ ዛሬ ቀስ ብዬ በላሁ፤
ጠርዟን፣ ልጅ ሳለሁ እንደማደርገው፣ ለመጨረሻ አቆየሁ።

ነገ ጠዋት ደግሞ ሞተሩ ሲያጓራ፣
የመንዙ ገብስ ሲወርድ፣ ብናኙ በፀሐይ ሲያበራ፣
ከንፈሬ ላይ ያርፋል።
ምላሴ ያውቀዋል።
ይህን ሐኪም አልጻፈው፣ መምሬም አልጠየቁኝ፤
እኔም አልናገርም።